የድሮ መስጊድ ቀለም ከመታደሱ በፊት፦ በዓይን፣ በጨረር ወይስ በናሙና?

ጨርቁ ሰማያዊ ሲሆን ነው የደነገጥኩት።

ለመውሊድ ጽዳት ላይ ነበርን። ቦታው ጎንደር፣ አዲስ ዓለም፣ አንድ አሮጌ መስጊድ። ከጣሪያው ሥር ቀለም የተቀባ ወራጅ አለ፤ ጥላሸት ስለተጫነው ሰማያዊ ይሁን ጥቁር መለየት ያስቸግራል። እኔ መሰላል ላይ ነኝ፣ አንድ ጎረምሳ ከታች ባልዲ ይዟል። ጨርቁን ነከር፣ ጨመቅ አድርጌ አንድ ስንዝር ያህል ጠረግኩ። ጥላሸቱ ንቅንቅ አላለም። ሰማያዊው ግን ተነሥቶ ጨርቁ ላይ መጣ። ወደ ታች ስመለከት የመስጊዱ ሽማግሌ ሐጂ ቀና ብለው ያዩኛል። "ልጄ፣ በል ውረድ" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ከዚያ ወዲህ ይህ ጥያቄ ከደጃፌ አልጠፋም። አንዱ መስጊድ ሊያድስ ነው፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው የአያቱን ቤት በር። የድሮው ቀለም ከምን እንደተሠራ እንዴት እንወቅ? ላብራቶሪ እንላክ? ያ ሽጉጥ የሚመስለው ማሽን ይምጣልን? ወይስ አንተው ዓይተህ ንገረን? መንገዶቹን ላነጻጽራችሁ። መልሴን ግን ከአሁኑ ልናገር፦ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ማሽን እኔ ቀድሜ የምመርጠው አይደለም። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ጥያቄው

"ቀለሙን ማወቅ እንፈልጋለን" ሲሉኝ መልሼ እጠይቃለሁ። ማጠብ ይቻል እንደሆነ ነው? ዕድሜው ስንት እንደሆነ ነው? ድሮ ምን ይመስል እንደነበር ነው? መርዝ አለው ወይ ነው? እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ መሣሪያ አለው። አንዱን በሌላው መሣሪያ ለመመለስ የሞከረ ገንዘቡን በትኖ ይመለሳል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀለም ማለት ሁለት ነገር ነው፦ ዱቄቱና ዱቄቱን ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቀው ማያያዣ። ማያያዣው የቆዳ ሙጫ፣ የእንቁላል አስኳል፣ የተልባ ዘይት ወይም የዛፍ ሙጫ ሊሆን ይችላል። የእኔን ጨርቅ ሰማያዊ ያደረገው ማያያዣው ነው። በቆዳ ሙጫ የተሠራ ቀለም ውሃ ሲያገኝ ይለቃል፤ በዘይት የተሠራው ይቋቋማል። እና ብዙዎቹ ዘመናዊ ማሽኖች ስለ ዱቄቱ እንጂ ስለ ማያያዣው ምንም አይነግሯችሁም። "ማጠብ ይቻላል?" ብሎ ጠይቆ በጨረር ማሽን መልስ የሚጠብቅ ሰው፣ የበሬውን ክብደት ለማወቅ ቀንዱን እንደሚለካ ነው።

የርካሹ መንገድ፦ ዓይንና ሁለት መብራት

ከዚህ ጀምሩ። ወጪው ከአንድ ምሳ ግብዣ አይበልጥም።

ሲመሽ ግቡ። የስልካችሁን ባትሪ አብሩና ከግድግዳው ጋር ሊነካካ እስኪደርስ አስጠግታችሁ ወደ ጎን አብሩት። ቀን ላይ ለጥ ያለ የሚመስለው ግድግዳ በድንገት ኮረብታና ሸለቆ ያወጣል። ሠዓሊው ከመቀባቱ በፊት በሹል ነገር የጫራቸው መሥመሮች ይታያሉ። የተላላጠው፣ ያበጠው፣ በኋላ የተለጠፈው ሁሉ ይጋለጣል። የደማስቆ የድሮ ቤቶችን የእንጨት ግድግዳ ብታዩ በዚህ መብራት ትገረማላችሁ። እዚያ ባለሙያዎቹ ጀሶና ሙጫ ለውሰው ጌጡን ከእንጨቱ ከፍ አድርገው ይሠሩታል፤ ከዚያ በላዩ ቀለምና ብረት ያለብሱታል። ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ የዚህ ዓይነት አንድ ሙሉ ክፍል አለ፤ የተሠራው በ1707 ነው። ታላቁ ኢያሱ ካረፉ በዓመቱ ማለት ነው።

ሁለተኛው መብራት አልትራቫዮሌት ነው። ሱቅ ውስጥ ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ትንሿ መብራት ለመጀመሪያ ዕይታ ትበቃለች። በጨለማ ስታበሩት የቆየ የሙጫ ቫርኒሽ አረንጓዴ ነክ ብርሃን ይሰጣል። በኋላ የተጠገነው ቦታ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ጠብታ መስሎ ይታያል። ከነጭ ቀለሞች ዚንክ ነጭ የሚባለው ወደ ቢጫ የሚያደላ ብርሃን ያወጣል፣ ቲታኒየም ነጭ የሚባለው ግን ይጨልማል። ዓይናችሁን ወደ መብራቱ አታቅኑ እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም።

በዚህ ላይ ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚሰኩትን ማጉያ ጨምሩ። ይህ መንገድ ስም አይሰጣችሁም። "ይህ እንዲህ ያለ ቀለም ነው" ብሎ አይናገርም። ነገር ግን የት እንደሚጠየቅ ያሳያችኋል። የትኛው ቦታ የመጀመሪያው ቀለም፣ የትኛው ጥገና እንደሆነ ሳይለዩ ውድ ማሽን ማስመጣት፣ የጎረቤትን ደም ሰጥቶ የራስን ምርመራ እንደመጠበቅ ነው።

ሽጉጡ

በእጅ የሚያዘው የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ማሽን የብዙዎች ፍቅር ነው። ቅርጹ ሽጉጥ ይመስላል። ግድግዳው ላይ ደቅነህ ትጫነዋለህ፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የንጥረ ነገር ዝርዝር ይወጣል፦ ብረት፣ መዳብ፣ እርሳስ፣ ሜርኩሪ፣ አርሰኒክ። ግድግዳው አይጫርም፣ አይቆረስም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በተለይ "አንዲት ቅንጣት አትነኩም" ለሚል ኮሚቴ። ዋጋው ግን በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነው። ጨረር ስለሆነም የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል።

በቀይ ላይ አቻ የለውም። ሜርኩሪ ካየ ሲናባር ነው፣ ማለትም የሜርኩሪና የድኝ ውህድ። እርሳስ ብቻ ካየ የእርሳስ ቀይ ይመስላል። ብረት ካየ ቀይ አፈር። አበቃ፤ ሦስቱንም በአንድ ከሰዓት ትለያላችሁ። ቢጫ ላይ አርሰኒክ ከመጣ ኦርፒመንት የሚባለው መርዛም ቢጫ ነውና እጃችሁን ታጠቡ፣ አቧራውን አትጥረጉ። በጣት አርጥቦ የሚቀምስ ሰው ደግሞ አለ፤ ኧረ በፈጠራችሁ!

አረንጓዴ ላይ መንተባተብ ይጀምራል። "መዳብ አለ" ይላል። ማላካይት የተባለው ድንጋይም፣ ከመዳብ ዝገት የሚሠራው አረንጓዴም መዳብ ናቸው። የትኛው እንደሆነ አይለይም። ኦርፒመንትን ኢንዲጎ ከተባለው የተክል ሰማያዊ ጋር ቀላቅለው ያወጡት አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ መዳብ የሚባል ነገር ጭራሽ አያገኝም።

ሁለት ወጥመዶችም አሉት። አንደኛ፣ ጨረሩ ላዩን ብቻ አያነብም። ሥሩ ያለውን ቀለም፣ ከዚያ ሥር ያለውን ልስንም አንድ ላይ አደባልቆ ያቀርባል። ሁለተኛው የእኛ ጎንደር ጉዳይ ነው። ቲታኒየም ነጭ ገበያ ላይ የዋለው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ስለሆነ፣ ቲታኒየም የታየበትን ቀለም ሁሉ "የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው" ብሎ የሚፈርድ አለ። እሺ፣ ግን የጎንደር ምድር ባዛልት ነው። የባዛልት አፈር ውስጥ ቲታኒየም በተፈጥሮው ሞልቷል። በጭቃ የተለሰነ ግድግዳ ላይ ማሽኑ ቲታኒየም ካላሳየ ነው የሚገርመኝ።

ሰማያዊ፣ መሣሪያዎቹ የሚፈተኑበት

አሁን ወደ ወራጃችን እንመለስ። መሣሪያዎቹን በአንድ ቀለም ላይ ማወዳደር ይሻላል፤ ለዚህ ደግሞ ከሰማያዊ የተሻለ የለም።

በድሮ ሕንፃ ላይ ሰማያዊ ስታገኙ ዋና ዋና ተጠርጣሪዎች ስድስት ናቸው። ከአፍጋኒስታን ባዳክሻን የሚመጣው ላፒስ ላዙሊ። አዙራይት የሚባለው የመዳብ ድንጋይ። ከተክል የሚወጣው ኢንዲጎ። ስማልት፣ ማለትም ኮባልት የተጨመረበት የተፈጨ መስታወት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ውስጥ የተገኘው የፕራሻ ሰማያዊ። ከ1828 ወዲህ ደግሞ በፋብሪካ የሚሠራው አልትራማሪን፤ ነጭ ልብስ ለማድመቅ ውሃ ውስጥ የሚበጠበጠው ሰማያዊ ዱቄት እሱው ነው።

ሽጉጡ ከስድስቱ ሁለቱን በአንድ ተኩስ ይይዛል። ኮባልት ካለ ስማልት፣ መዳብ ካለ አዙራይት። የፕራሻ ሰማያዊ ብረት ነው የሚያሳየው፤ ብረት ደግሞ እያንዳንዱ ጭቃ ውስጥ አለ። ኢንዲጎ ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅን፣ ከናይትሮጅንና ከኦክሲጅን ስለተሠራ ለማሽኑ ጭራሽ የለም። ላፒስም ሆነ ፋብሪካው አልትራማሪን ከሶዲየም፣ ከአሉሚኒየም፣ ከሲሊከንና ከድኝ የተሠሩ ናቸው፤ እነዚህ ቀላል ንጥረ ነገሮች ስለሆኑ አየሩ ምልክታቸውን ውጦ ያስቀረዋል፣ የቀረውም በልስኑ ይሸፈናል።

በእኛም የሆነው ይኸው ነው። ለሌላ ሥራ የመጡ ሰዎች ማሽኑን ይዘው ነበርና ለምነናቸው ወራጁን አነበቡልን። ካልሲየም፣ ብረት፣ ጥቂት ቲታኒየም። ኮባልት የለም፣ መዳብ የለም። ከመካከላችን አንዱ "እንግዲያው ኢንዲጎ ነዋ!" አለ። ሁላችንም ደስ አለን። ስህተት ነበር። ማሽኑ ዝም ሲል "የለም" ማለቱ አይደለም፤ "አላየሁም" ማለቱ ነው። በዚህ ልዩነት ላይ ስንት የተሳሳተ ሪፖርት ተጽፎ ይሆን?

ኢንፍራሬድ የምታነሣ ካሜራ ብትኖረን ግማሹን በፎቶ ብቻ እንለይ ነበር። የፕራሻ ሰማያዊና አዙራይት በኢንፍራሬድ ጠቁረው ይወጣሉ። ኢንዲጎ፣ ስማልትና አልትራማሪን ግን ይፈዛሉ።

ራማን፣ የድንጋዩን ስም የሚጠራው

ይህኛው በሌዘር ይሠራል። ስሙን ያገኘው ከህንዱ የፊዚክስ ሊቅ ከራማን ነው፤ ግኝታቸውም በ1930 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ሽጉጡ ንጥረ ነገሩን ሲቆጥር፣ ራማን ሞለኪውሉን ይለያል። "መዳብ አለ" ሳይሆን "ማላካይት ነው" ይላል። ላፒስን፣ ሲናባርን፣ ኢንዲጎን በስማቸው ይጠራል። በእጅ የሚጓጓዝ ዓይነትም አለው።

የአልሐምብራ ሥራ ጥሩ ማሳያ ነው። ስፔን ውስጥ፣ ግራናዳ ያለው ይህ የናስር ሥርወ መንግሥት (የሙስሊም ነገሥታት) ቤተ መንግሥት ግድግዳውም ጣሪያውም በጀሶና በእንጨት ጌጥ የተሸፈነ ነው። ተመራማሪዎች ተንቀሳቃሽ ራማን ይዘው ገብተው፣ ምንም ሳይቆርሱ፣ ሲናባርና ላፒስ ላዙሊ አገኙ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እድሳት የተጨመረውን የፋብሪካ አልትራማሪንም ለዩ። የመጀመሪያውና የእድሳቱ ሰማያዊ ለዓይን እህትማማች ናቸው።

ግን ራማንም የራሱ ዓመል አለው። ማያያዣው፣ ቫርኒሹ ወይም ቆሻሻው በሌዘሩ ሲመታ ራሱ ያበራና የምትፈልጉትን ምልክት ያሰጥመዋል። ጥላሸት የጠጣ ወራጅ ላይ እንዲህ ያለ ችግር ይጠብቃችኋል። ሌዘሩ ከበረታም ቀለሙን ያቃጥላል፤ የእርሳስ ቀለሞች በተለይ ቶሎ ይጠቁራሉ። ከዚህም ሌላ፣ ላፒስና ፋብሪካው አልትራማሪን ሰማያዊነታቸው ከአንድ ምንጭ ስለሆነ ዋናው ምልክታቸው አንድ ነው። መለየት የሚቻለው አብረው በሚገኙ ሌሎች ማዕድናት ወይም በማይክሮስኮፕ ነው፦ የድንጋዩ ቅንጣት ማዕዘን ያለውና ትልቅ ትንሽ የተቀላቀለበት ሲሆን፣ የፋብሪካው ደቃቅና እኩል ነው።

ለጸዳ፣ ለደመቀ፣ ቫርኒሽ ላልነካው ቀለም ራማንን ከሽጉጡ አስበልጣለሁ። ለጠቆረ ጣሪያ ግን አልመክርም።

ናሙና፣ ሁሉም የሚፈራው

ሰው ናሙና ሲባል ግድግዳው የሚፈነቀል ይመስለዋል። የሚያስፈልገው ከጤፍ ፍሬ ያነሰ ነው። ቀድሞም ከተሰነጠቀ ጠርዝ ላይ በቀጭን ምላጭ ይነሣል። አልጎዳም ማለቴ አይደለም፤ ይጎዳል። ግን ከእኔ ጨርቅ ጋር ሲነጻጸር ምን አላት?

ያቺ ቅንጣት ሬዚን በሚባል በሚደርቅ ሙጫ ውስጥ ተቀምጣ በጎኗ ስትሞረድ፣ በማይክሮስኮፕ የግድግዳው ታሪክ እንደ እንጀራ ድርድር ይታያል። ከሥር ልስን፣ ከዚያ መጀመሪያ የተቀባው፣ ከዚያ ጥላሸት፣ ከዚያ እድሳት፣ ከዚያ እንደገና ጥላሸት። ሽጉጡ አደባልቆ ያነበበው ሁሉ እዚህ በየተራው ይቆማል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ደግሞ እያንዳንዱ ድርብርብ ለብቻው ይመረመራል።

የአልሐምብራው ሐምራዊ ነገር ይህን ካልነገረ ምን ይነግራል? በጀሶ ጌጦቹ ላይ አንዳንድ ቦታ ሐምራዊ ጥላ ይታያል። ማን ቀባው? በ2022 የታተመ የግራናዳ ተመራማሪዎች ጥናት መልሱን አመጣ፦ ማንም አልቀባውም። እዚያ ቦታ ላይ ድሮ እንደ ቅጠል በሳሳ ቆርቆሮ (የጣሪያው ሳይሆን ቲን የሚባለው ብረት) ላይ የወርቅ ቅጠል ተለብጦ ነበር። እርጥበትና ጨው ቆርቆሮውን በላው፣ ወርቁም ተሟሙቶ እንደገና ደቃቅ ኳስ ሆኖ ተቀመጠ፤ ስፋቱ 70 ናኖሜትር ገደማ። ወርቅ እንዲህ ሲደቅቅ ቢጫ አይደለም፣ ሐምራዊ ነው። ሽጉጡ እዚያ "ወርቅና ቆርቆሮ" ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ ግን ሐምራዊው ከየት እንደመጣ አይነግራችሁም። ያንን ያየው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው።

በነገራችን ላይ የደማስቆ ክፍሎች ላይም ወርቅ የሚመስለው ሁሉ ወርቅ አይደለም። የቆርቆሮ ቅጠል ላይ ቢጫ ቫርኒሽ ሲቀባ ወርቅ ይመስላል። ጥበበኞች ነበሩ!

ለማያያዣው ጥያቄ ግን ከናሙና ውጭ ብዙ አማራጭ የለም። ፎሪየር ኢንፍራሬድ የሚባለው ምርመራ ሙጫ ነው፣ ዘይት ነው፣ ጀሶ ነው፣ ኖራ ነው ብሎ በጅምላ ይለያል፤ ለእድሳት ሥራ ይህ ይበቃል። ጋዝ ክሮማቶግራፊ እንቁላልን ከቆዳ ሙጫ ለይቶ ይናገራል፤ ናሙናውን ግን በልቶ ይጨርሰዋል። ለጥናት ካልሆነ እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

ፈቃድ

ናሙና ማንሣት ፈቃድ ይፈልጋል፤ ወደ ውጭ መላክ ደግሞ ይበልጥ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህች ዓመት የእኛ አቆጣጠር ናት) አለ፣ ጉዳዩም የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። ወረቀቱ ጊዜ ይወስዳል፣ አስቀድማችሁ ጀምሩ።

ከወረቀቱ በፊት ግን ሽማግሌዎቹ አሉ። ጎንደር ላይ "ትንሽ ወደ ውጭ እንልካለን" ስትል ሰው ዝም ብሎ አይሰማህም። የአባ አንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በ1932 በፈረንሳዮቹ የዳካር ጅቡቲ ጉዞ ተነሥተው ሄደዋል፤ ዛሬ ያሉት ፓሪስ ነው። በምትካቸው የተተወው ቅጂ ነበር። ስለዚህ ቅንጣቷን በዓይናቸው አሳዩ። በየትኛው ፖስታ እንደገባች፣ ማን እንደፈረመ ጻፉ። የተረፈው ይመለሳል በሉ፣ መልሱም።

እንግዲህ ምን ልምረጥ?

ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ከሆነ፣ እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ማለቴ ነው፣ በመብራትና በፎቶ ጀምራችሁ ባለሙያ እስኪመጣ እዚያው ቁሙ። ጨርቅ፣ ሙጫና ቀለም በእርጥበት እኩል አይንቀሳቀሱም። የአልሐምብራ የነገሥታት አዳራሽ ጣሪያ ሥዕሎችም በቆዳ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ እዚያም ጣጣው ተመሳሳይ ነው።

ጭንቀታችሁ መርዝ ብቻ ከሆነ ሽጉጡን ለግማሽ ቀን ተዋሱ። አርሰኒክ፣ እርሳስና ሜርኩሪን በፍጥነት የሚነግራችሁ እሱ ነው። ማጠብ ከሆነ ጥያቄው፣ ሁለት ቅንጣት ለፎሪየር ኢንፍራሬድ ምርመራ። ዕድሜ ከሆነ ሦስት ወይም አራት ቅንጣት በጎን ተሞርዶ፣ ከመብራቱ በኋላ በደንብ ከተመረጠ ቦታ። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን፣ ሽጉጥ ከመከራየት ጥሩ ማይክሮስኮፕ ግዙ። ይህን ስል የሚከፋቸው ጓደኞች አሉኝ፤ ይከፋቸው።

የእኛ ወራጅ ምን ሆነ? ጨርቁን አልጣልኩትም ነበር። ከእሱ ላይ ያገኘሁትን ቅንጣት አንድ የኬሚስትሪ መምህር ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጠልኝ። ደቃቅ፣ እኩል እኩል የሆነ፣ የሚያበራ ሰማያዊ። መስታወት መሰል ስብርባሪ የለም፣ ስለዚህ ስማልት አይደለም። ከዚያ በቀጭን ዘንግ ጫፍ የቀጠነ አሲድ ነካ አደረገበት። (ቤታችሁ አትሞክሩት፣ ግድግዳ ላይማ ፈጽሞ።) ሰማያዊው ዓይናችን እያየ ነጣ፤ መጀመሪያ ጠርዙ፣ ቀጥሎ መሐሉ። ኢንዲጎ ቢሆን አይነጣም ነበር፣ የፕራሻውም እንዲሁ። አልትራማሪን በአሲድ ይጠፋል። ከቅንጣቱ እኩልነት ጋር ሲደመር ከ1828 ወዲህ የተሠራው የፋብሪካ ዱቄት ነው፤ በሙጫ የተበጠበጠ የልብስ ሰማያዊ።

ሰፈሩ "የፋሲል ዘመን ቀለም" ነበር የሚለው። ፋሲል ጎንደርን ከቆረቆሩ ከ1636 ጀምሮ ቆጥሩት። ለሐጂ እንዴት እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ሄድኩ። ሰምተው ሲያበቁ ሳቁ። "አባቴ ልብስ አጣቢዎቹ ጋ ሲመላለስ አየው ነበር፤ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ" አሉ።

ወራጁን ከዚያ በኋላ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ነው የምናጸዳው። ያቺ የጠረግኳት አንድ ስንዝር ግን እስከ ዛሬ ባዶ ናት። እንዳትቀባ ሐጂ ከልክለዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር በከዘራቸው እያመለከቱ "ይቺን ያጠባት እሱ ነው" ይላሉ።